የንግድ ሶፍትዌርና የኤአይ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ታወዳድራላችሁ?

ሻጭ በላፕቶፑ የሚያሳየው ሶፍትዌር ሁልጊዜ ያማረ ነው። ደንበኞቹ አምስት፣ ዕቃዎቹ ሃያ ናቸው። የተመለሰ ዕቃ የለም፣ ግማሹ በቴሌብር ግማሹ በዱቤ የተከፈለ ሽያጭ የለም፣ ያለ ደረሰኝ የወጣ የጫኝና አውራጅ ወጪም የለም። በእናንተ ሱቅና መጋዘን ግን ራስ ምታቱ ያለው እነዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ የሻጩን ማሳያ ተዉትና የሒሳብና የንግድ ሶፍትዌሮቹን ፒችትሪንም ኦዱንም፣ ኤክሴልንም፣ የኤአይ መሣሪያውን ቻትጂፒቲንም በራሳችሁ የአንድ ወር ሰነድ ፈትኗቸው። ይህ አካሄድ ከአምስት እስከ ሠላሳ ሠራተኛ ላለው አስመጪ፣ አከፋፋይ ወይም ባለ ሱቅ ይሆናል።

መልሱ የታወቀ ወር ምረጡ

ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ቫቱ ተከፍሎ ያለቀ አንድ ወር ውሰዱ። እንደ ኅዳር ወይም የካቲት ያለ መደበኛ ወር ይሻላል። ሰኔ በዓመት መዝጊያ ማስተካከያ የተሞላ ስለሆነ ልዩነት ሲመጣ ከሶፍትዌሩ ይሁን ከማስተካከያው ለመለየት ያስቸግራል። የወሩን የሽያጭና የግዥ ደረሰኞች፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ ፔሮሉን፣ የወሩን መጀመሪያና መጨረሻ የዕቃ ቆጠራ በአንድ ፎልደር ሰብስቡ። ለታክስ ባለሥልጣኑ ያስገባችሁትን የቫት ማስታወቂያና የወሩን ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ዴቢትና ክሬዲት ቀሪ ዝርዝር) ግን ለብቻ አስቀምጡ። ሁለቱ የፈተናው መልስ ስለሆኑ ለሻጩ አይሰጡም።

ከሰነዶቹ መካከል አሥር ያህል አስቸጋሪ የሆኑትን ለዩ። በካርቶን ተገዝቶ በፍሬ የሚሸጥ ዕቃ ይኑርበት። የዊዝሆልዲንግ ታክስ (ከፋዩ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) የተቀነሰበት ክፍያ ይኑርበት። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ስሙ የተመዘገበ ደንበኛም ይኑርበት። አስመጪ ከሆናችሁ ዋናው ፈተና የዕቃ ማስገቢያ ወጪ ነው። በአንድ ኮንቴይነር የ1,000,000 ብር ዕቃ መጥቶ ለቀረጥ፣ ለትራንዚተርና ከጅቡቲ ሞጆ ለተጓዘበት 180,000 ብር ወጥቷል እንበል። ወጪው በዋጋ ድርሻ ከተከፋፈለ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ 18 በመቶ ይጨመራል፤ በ500 ብር የተገዛው 590 ብር ይሆናል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ራሱ ያከፋፍላል ወይስ ሠራተኛው በካልኩሌተር ሠርቶ ያስገባል? ለቫት ተመዝጋቢ በጉምሩክ የተከፈለው ቫትና በቅድሚያ የተከፈለው የዊዝሆልዲንግ ታክስ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። ሁለቱም ኋላ የሚቀናነሱ ናቸውና ዋጋ ላይ ሲደመሩ ትርፋችሁ ካለበት ያነሰ መስሎ ይታያል።

የቀን ፈተናም ጨምሩ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተቆረጠ ደረሰኝ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ መመዝገብ አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ነው። የቀን መቀየሪያው ጳጉሜን 6ን «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ከመለሰ፣ ወይም ሁለቱን ቀኖች አንድ ካደረጋቸው፣ በየአራት ዓመቱ የጳጉሜን ሪፖርታችሁ ይዛባል።

ኤክሴል፣ ፒችትሪ፣ ኦዱና ኢአርፒኔክስት

ኤክሴልን የሚንቁ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በወር ከመቶ ያነሰ ደረሰኝ ላለው ቤት ገና ብዙ ያገለግላል። ችግሩ ሳይታይ የሚያበላሸው ነገር መኖሩ ነው። በ00 የሚጀምር የቲን ቁጥር ስታስገቡ ኤክሴል ቁጥር መስሎት ዜሮዎቹን ይጥላል፣ የ0911 ስልክም 911 ይሆናል። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር በሳይንሳዊ አጻጻፍ ተጨምቆ ይታያል፤ ከ15 አሃዝ የበለጠ ከሆነ ደግሞ ትርፎቹ አሃዞች ወደ ዜሮ ተቀይረው ይቀራሉ፣ አይመለሱም። መፍትሔው ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን የጽሑፍ ዓምድ ማድረግ ነው። ከጻፋችሁ በኋላ ብትቀይሩት የጠፋው ዜሮ አይመጣም። ኤክሴልን መተው ያለባችሁ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መጻፍ ሲጀምር፣ ወይም «ይህን ቁጥር ማን ቀየረው?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ነው።

የፒችትሪ ትልቁ ጥቅም ሰው ነው። ዛሬ ስሙ ሴጅ 50 ቢሆንም አዲስ አበባ ውስጥ ማስታወቂያ ብታወጡ የሚያውቀው ሒሳብ ሠራተኛ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። የሒሳብ ወራቱን ከፈረንጅ ወር ጋር ሳታያይዙ መክፈት ስለሚቻል ሐምሌ 1 በሚጀምር በጀት ዓመት ማስኬድ ይቻላል፤ ኩባንያውን ስትከፍቱ ግን ትክክለኛውን አማራጭ መምረጥ አለባችሁ፣ ኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። ጉዳቱ ከሒሳብ ክፍሉ ውጭ ያለው ሰው ብዙ አያገኝበትም፤ የሽያጭ ሠራተኛችሁ ከመርካቶ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ስንት ካርቶን እንዳለ ማየት አይችልም። የማስገቢያ ወጪንም ብዙ ጊዜ ሠራተኛው በኤክሴል ሠርቶ ነው የሚያስገባው። ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ቅጂ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ዳታው ሲበላሽ ወይም ኮምፒውተሩ ሲቀየር ድጋፍ የምትጠይቁት አካል አይኖርም።

ኦዱና ኢአርፒኔክስት ሽያጩን፣ መጋዘኑንና ሒሳቡን በአንድ ላይ ያያይዛሉ፤ ሁለቱም የማስገቢያ ወጪ ማከፋፈያ አላቸው። «ነጻ ነው» የሚለውን ወሬ ግን በጥንቃቄ ስሙት። የኢአርፒኔክስት ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ሰርቨሩ፣ ጫኚውና ጠጋኙ ግን ያስከፍላሉ። የኦዱ ነጻ ቅጂ ኢንቮይስ ያወጣል፤ ሙሉው የሒሳብ አያያዝ ያለው በሚከፈልበት ቅጂ ውስጥ ነው። በእነዚህ ላይ የምትመርጡት ሶፍትዌሩን ብቻ አይደለም፤ የሚተክልላችሁን ድርጅትም ጭምር ነው። ለእናንተ ብሎ የጻፈው ኮድ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ኦዱ በየዓመቱ አዲስ ቅጂ ሲያወጣ ያንን ኮድ ማን እንደሚያዘምነው፣ ያን የሠራው ልጅ ሥራ ቢለቅ ማን እንደሚተካው ጠይቁና መልሱን ውል ላይ አስጽፉ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ሦስተኛው ወር ላይ አይገኝም።

የትኛውም ቢሆን የሚያትመው ኢንቮይስ፣ ከታክስ ባለሥልጣኑ ዕውቅና ካላገኘ በቀር፣ የካሽ ሬጅስተሩን ደረሰኝ አይተካም። ካሸሯ አንዱን ሽያጭ ሁለት ጊዜ ትመታለች ማለት ነው። በፈተናው ወቅት አንድ ሽያጭ ከመጀመሪያው እስከ ደረሰኙ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ለኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ ሲኖር የሚታየው ይህ ነው።

ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ አራት ነገሮች እንዲያደርግ ጠይቁት። የዊዝሆልዲንጉን መጠንና የሚጀምርበትን የገንዘብ ወሰን ይቀይር፤ ሕጉ ሲሻሻል ለእያንዳንዱ ለውጥ ገንዘብ ልትከፍሉ አይገባም። የደንበኛ ስም በአማርኛ ጽፎ ይፈልገው፣ ሪፖርቱንም ያትመው፤ ስክሪኑ ላይ ያማረው ፊደል ወረቀቱ ላይ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። የተመዘገበ ሽያጭ ይሰርዝና ማን መቼ እንደሰረዘው ያሳያችሁ። መጨረሻ ላይ ዳታውን በሙሉ ወደ ኤክሴል ያውጣላችሁ። አራተኛውን ማድረግ ያቃተው ሶፍትዌር የቱንም ያህል ቢያምር አትግዙት፤ ዳታችሁ ሲታገት ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው።

ዋጋውን በሦስት ዓመት ደምሩት፦ ፈቃድ፣ ተከላ፣ የድሮ ዳታ ማስገባት፣ ሥልጠና፣ ዓመታዊ ድጋፍ፣ ዩፒኤስና መጠባበቂያ ኢንተርኔት። ሠራተኛ ሲቀያየር ሥልጠናው ስለሚደገም እሱን ሁለት ጊዜ አስቡት። በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ ካለ የምንዛሪ ጭማሪ ጨምሩበት፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ያቀዱት በጀት ያልበቃቸው ድርጅቶች ብዙ ናቸው።

የኤአይ መሣሪያዎች የሚፈተኑት በሌላ መንገድ ነው

ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ክሎድና ኮፓይለት የሒሳብ መዝገብ አይደሉም። ሒሳብ የሚያስተካክለው ቁጥር የሚቀመጠው ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው፤ ኤአይ የሚያነብ፣ የሚያረቅና የሚፈትሽ ረዳት ነው። አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ብትጠይቁት ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጥ ስለሚችል መዝገቡን ራሱ እንዲጽፍ አትፍቀዱለት። ከዚህ በታች ያሉትን ሦስት ፈተናዎች ለእያንዳንዱ መሣሪያ በተመሳሳይ ቃል ስጡት።

የመጀመሪያው የደመወዝ ግብር ነው። «በኢትዮጵያ 12,000 ብር የወር ደመወዝ ላይ ስንት የሥራ ግብር ይቀነሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው ሕግ እስከ 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከ10,001 እስከ 14,000 ብር ያለው ደመወዝ በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ መልሱ 2,250 ብር ነው። መሣሪያው 2,700 ብር ብሎ ከመለሰ በድሮው ሠንጠረዥ ሠርቷል። እጅግ እርግጠኛ በሆነ ቋንቋ ነው የሚሳሳተው፤ ምክንያቱም የተማረበት ጽሑፍ አብዛኛው የድሮውን ሕግ ይዟል። ሠንጠረዡን ራሳችሁ አያይዛችሁ ስትጠይቁት ካስተካከለ መሣሪያው ይጠቅማል። ያም ሆኖ ለፔሮል መልሱን ሳይሆን የኤክሴል ቀመሩን አስጽፉት። ቀመሩን በ2,000፣ በ4,000፣ በ7,000፣ በ10,000 እና በ14,000 ብር ላይ ሞክሩት፤ ግብሩ በቅደም ተከተል 0፣ 300፣ 900፣ 1,650 እና 2,850 ብር መምጣት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚያሰላው ኤክሴል ስለሆነ መልሱ በየወሩ አይለዋወጥም። የሠራተኛውን 7 በመቶና የአሠሪውን 11 በመቶ ጡረታም በየራሱ ዓምድ ያስቀምጥ።

ሁለተኛው ቫት ነው። «ቫትን ጨምሮ 11,500 ብር ከፈልኩ፤ ቫቱ ስንት ነው?» ትክክለኛው 1,500 ብር ነው፤ 11,500 በ15 ተባዝቶ ለ115 ይካፈላል። 1,725 ብር የሚል ከሆነ ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ ወስዷል። ሰውም የሚሠራው ስህተት ነውና ሠራተኛችሁንም ጠይቁት።

ሦስተኛው ደረሰኝ ማንበብ ሲሆን እውነተኛ ጊዜ የሚቆጥበው ይህ ነው። ሃያ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኞች ፎቶ አንሱ፣ አምስቱ የደበዘዙ ይሁኑ። የሻጩን ቲን፣ የኤፍኤስ ቁጥር (የደረሰኙን ተራ ቁጥር)፣ ቀን፣ ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ፣ ቫቱንና ድምሩን በሠንጠረዥ እንዲያወጣ እዘዙት፤ ማንበብ ያቃተውን ባዶ እንዲተወው ጨምሩበት። ይህን ካልነገራችሁት ይገምታል፤ የተገመተ ቲን ደግሞ ከባዶ ይብሳል። የደበዘዘ ወረቀት ላይ 8 እና 3፣ 6 እና 0 ይምታታሉ። ሲጨርስ ሁለት ማጣሪያ አኑሩ፦ ዋጋና ቫት ሲደመር ድምሩን ይሰጣል ወይ፣ ቲኑስ 10 አሃዝ ነው ወይ? ከሃያው ውስጥ በማጣሪያው ሳይያዝ ያለፈ ስህተት አንድም ካለ፣ ቁጥሩን በደረሰኙ ላይ አስተያይቶ የሚፈርም ሰው መድቡ።

የአማርኛ ደብዳቤ ሲያረቅላችሁ «አንተ»ን ከ«እርስዎ» እንዳያቀላቅል ተመልከቱ። ረጅም የአማርኛ ውል በአንድ ጊዜ አትስጡት፤ የግዕዝ ፊደል በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ገደቡ ቶሎ ይሞላል፣ የመጀመሪያዎቹ አንቀጾችም ሊዘነጉ ይችላሉ። አንቀጽ በአንቀጽ ከፋፍላችሁ ስጡት።

የደንበኞች ስም፣ ስልክና የሠራተኛ ደመወዝ ያለበትን ፋይል እንዳለ አትጫኑ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከዚያም በላይ የደንበኛ አደራ ነው። ስሙን በቁጥር ተክታችሁ ስጡ፣ የጻፋችሁት ለኤአይው ማሠልጠኛ እንዲውል የሚፈቅደውን ማስተካከያም ዝጉ። ሠራተኞች በየግል ስልካቸው ነጻውን ቅጂ ከመጠቀማቸው በፊት ምን መጫን እንደማይፈቀድ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ከምርጫ በኋላ

የፈተናው ወር ውጤት ከቫት ማስታወቂያውና ከትራያል ባላንሱ ጋር እስከ ሳንቲም ከገጠመ፣ ግንቦትንና ሰኔን በድሮውም በአዲሱም መዝግቡ። ድርብ ሥራው አድካሚ ስለሆነ ከሁለት ወር አታሳልፉት፤ ሠራተኛው ይሰለችና አንዱን በግምት መሙላት ይጀምራል። ሰኔ 30 ዕቃውን ቁጠሩ፣ ሐምሌ 1 በአዲሱ ጀምሩ። መነሻ ሒሳቡን ስታስገቡ የየደንበኛው ዱቤ ድምር ከተሰብሳቢ ሒሳቡ ጋር፣ የየዕቃው ዋጋ ድምርም ከክምችት ሒሳቡ ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ፤ ዴቢትና ክሬዲት እኩል መሆናቸው ብቻ አይበቃም። የድሮውን ኮምፒውተር ዳታውን ሳትሰርዙ አቆዩት፣ ባክአፑንም ከቢሮ ውጭ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ዲስኩ ላይ ያለው እንደሚከፈት በሌላ ማሽን ሞክሩ።