በቅሎ ጠባይዋን ስትለውጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

«አባትሽ ማን ነው?» ሲሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ያለችው በቅሎ ስትታመም ግን ቁርጥ አባቷን ናት። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፤ በቅሎ እንደ አህያ ችላው ትቆማለች። ስለዚህ ሕመሟ የሚታወቀው ከዕለት ጠባይዋ ስትወጣ ነው። በሰሜን ተራሮች ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጭነቅ ጭነት የሚያወጣ ሰው ረጋጯን፣ ደንጋጯንና ጭምቷን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ልኳን ጤነኛ ሳለች ያዙ። ስታርፍ የልብ ምቷ (ከመንጋጋዋ ሥር በሚዳሰሰው ደም ሥር) በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሿ ከ8 እስከ 20፣ ሙቀቷ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ድዷን በአውራ ጣት ተጭናችሁ ስትለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ መልኩ መመለስ አለበት።

ረጋጯ ዝም ስትል

ኮርቻ ሲጫንባት የምትራገጥ በቅሎ አንድ ቀን ፀጥ ብላ ከቆመች «ገራች» ብላችሁ አትደሰቱ። መጀመሪያ ቁርጠትን ጠርጥሩ። መኖ ትታ እንደሆነ፣ ጎኗን ዞር እያለች የምታይ እንደሆነ፣ እበቷ ቀንሶ ወይም ደርቆ እንደሆነ ተመልከቱ። ጆሯችሁን በግራና በቀኝ ሽንጧ ላይ አድርጋችሁ በየጎኑ አንድ ሙሉ ደቂቃ አድምጡ፤ ምንም የሆድ ድምፅ ካልተሰማ አደጋ ነው።

መንስኤው በበጋ ብዙ ጊዜ ደረቅ ጭድ ከውኃ ማነስ ጋር ነው። ከተማ ውስጥ የምትውል ከሆነ ፌስታል ትበላለች። ሌላው ሰው የማይጠረጥረው ለከብት መዥገር የሚረጨው አሚትራዝ ነው፤ በፈረስና በበቅሎ ላይ አንጀትን ያቆማል፣ በፍጹም አትርጩባት።

መኖውን አንሱ፣ ውኃ ከፊቷ አይጥፋ። ዘይት በጠርሙስ አትጋቷት፤ አንገቷ ቀና ተደርጎ የሚፈስሰው ዘይት ሳንባ ውስጥ ይገባል። የልብ ምቷ ከ60 ካለፈ ወይም ድዷ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያት። ለጎንደር ከተማ ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ አለ። ሰባ ያለች በቅሎ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መኖ ከተወች አትጠብቁ፤ የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ እየፈሰሰ ጉበቷን ይጎዳል።

ጭምቷ መናከስ ስትጀምር

ኮርቻ ስታይ የምትሸሽ ወይም ልጓም ሲቀርብ የምትነክስ ጭምት በቅሎ አመሏ አልተበላሸም፣ የሆነ ቦታ አሟታል። ከጉዞ በኋላ ኮርቻው እንደወረደ ጀርባዋን እዩ። ላቧ ሁሉን አርሶት መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ደረቅ ከቀረች፣ ኮርቻው እዚያ ላይ ደም አፍኗል፤ ገጣባው የሚወጣው እዚያው ነው። የበቀለ ነጭ ፀጉር የድሮ ጉዳት ነው።

ተጭና ሳለች በኮርቻውና በትከሻዋ አጥንት መሐል ሁለት ጣት ካልገባ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ሁለቱን ጎን ከፍ የሚያደርግ ግላስ (ከኮርቻው ሥር የሚነጠፍ) ይጨመርበት። ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት የሚንሸራተት ከሆነ በጭራዋ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር አስተካክሉ፣ የሁለቱንም ጎን ጭነት በሚዛን እኩል አድርጉ። ግላሱን በቁስሉ ልክ መቅደድ ብዙ ሰው የሚሞክረው ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን እየጫነ ቁስሉን ያሰፋዋል።

ቁስል ካለ ጭነት ይቁም። 1 ሊትር ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁበት በቀን ሁለቴ እጠቡ። እበት ወይም አመድ አትለጥፉ፤ እበት የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ይዞ ይገባል።

ጀርባዋ ደህና ከሆነ አፏን እዩ። በግማሽ የታኘከ የሣር ጉርሻ የምትጥል ከሆነ የመንጋጋ ጥርሷ ጠርዝ ስለታም ሆኗል፣ ሐኪም በሞረድ ያስተካክለዋል።

ደንጋጯ ከወትሮው በላይ ስትበረግግ

አንድ ዓይኗ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ እጃችሁን በየተራ በሁለቱም በኩል አሳዩአት። ጆሮዋ ቀጥ ካለ፣ ጭራዋ ከተነሳና ከዓይኗ ውስጠኛ ጥግ ስስ ሽፋን የሚወጣ ከሆነ ግን መንጋጋ ቆልፍ ነው። ጨለማ፣ ፀጥ ያለ ቦታ አስገቧት፤ ሐኪም በቶሎ ይጠራ።

ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ከዓይኗ በላይ ያለው ጉድጓድ ካበጠና ካተኮሳት የአፍሪካ የፈረስ በሽታን ጠርጥሩ። የሚያስተላልፉት ከምሽት እስከ ንጋት የሚነክሱ ደቃቅ ዝንቦች ስለሆኑ ማታ ማታ በቤት ትደር። ክትባቱ ከዝናቡ ወቅት በፊት ይሰጥ።

ራሷን ስትወዘውዝ፣ ከአፍንጫዋ ደም ሲወርድ

ከኩሬና ከምንጭ የጠጣችው አልቅት ሊሆን ይችላል። አፏ ውስጥ ከታየ ስለሚያዳልጥ በደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ ሳቡት። አፍንጫዋ ውስጥ ከሆነ ለጥቂት ሰዓት ውኃ ከልክሏትና ጥርት ያለ ውኃ በሳፋ አቅርቡላት፤ አልቅቱ ወደ ውኃው ብቅ ሲል ይያዛል።

ለሃጭ የሚዝረበረብባት፣ መዋጥ ያቃታት ወይም በድንገት ሰውና እንጨት የምትነክስ ከሆነች ግን እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አስራችሁ ለይታችሁ ሐኪም ጥሩ። ለሃጯ የነካው ቁስል በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።