የተጎታች ቤት የጋዝ ማንቂያ ሲጮህ ምን ማድረግ አለብዎት?

ማንቂያው ሲጮህ ብዙ ሰው መብራት አብርቶ ሽታውን መፈለግ ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ፕሮፔን፣ ማለትም የሲሊንደሩ ጋዝ፣ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ማንቂያውም ዝቅ ተደርጎ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ጋዙ ከአየሩ 2 በመቶ ገደማ ከሆነ ለመቀጣጠል ከማብሪያ ማጥፊያ የምትወጣ ብልጭታ ትበቃዋለች። ደግነቱ ማንቂያው የሚጮኸው ከዚያ መጠን ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ ሳይደናገጡ ለመውጣት ጊዜ አለዎት።

በመጀመሪያ ምድጃ እየነደደ ከሆነ ያጥፉት። ከዚያ በውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይዘው ይውጡ፤ የተኛ ልጅ ካለ ቀስቅሱት ብለው አይለፉ፣ ራስዎ ያንሱት። በሩን ክፍት ይተዉት። መብራት፣ ስልክም ሆነ የአየር ማውጫ ማራገቢያ አይንኩ። የማራገቢያው ነገር ብዙዎችን ያታልላል፤ ጋዙን ያስወጣል ብለው ሞተሩን ያስነሳሉ፣ ሞተሩ ግን ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። የማንቂያውን ቁልፍ ተጭኖ ድምፁን ማጥፋትም ጋዙን አያጠፋም።

ውጭ እንደወጡ የሲሊንደሩን ቫልቭ ወደ ቀኝ አዙረው ይዝጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከፊት፣ መጎተቻው ላይ ነው። እዚያው የሚያፏጭ ድምፅ ወይም ከባድ ሽታ ካለ ግን አይጠጉ። ራቅ ብለው ለእሳት አደጋ ይደውሉ። ማንቂያው ዝም እስኪል፣ ቤቱም በደንብ እስኪናፈስ አይመለሱ።

ጋዙን መልሰው ከመክፈትዎ በፊት መስመሩን ባለሙያ ይፈትሸው። የውጪውን መገጣጠሚያ ራስዎ ማየት ከፈለጉ ወፈር ያለ የሳሙና ውሃ ቀብተው ቫልቩን በጥቂቱ ይክፈቱ፤ አረፋው እየተነፋ ከመጣ ጋዝ ያመልጣል፣ ወዲያው ይዝጉ። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ግን ፈጽሞ አይታሰብም።

የጮኸው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሆነ ሽታ አይጠብቁ፤ ይህ ጋዝ ሽታ የለውም። ከጄኔሬተር፣ ከማሞቂያ ወይም ከመኪና ጭስ ይመጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መዞር የተሰማው ሰው ካለ ንጹህ አየር ላይ ያውጡትና ሕክምና ይጥሩ።

የፀጉር ስፕሬይ፣ አልኮልና ማጣበቂያ፣ አንዳንዴም የደከመ ባትሪ ማንቂያውን ያስጮኹታል። ይህን የሚያጣሩት ግን ከወጡና ጋዙን ከዘጉ በኋላ ነው። በየደቂቃው አንዴ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ባትሪው መድከሙን ወይም የመሣሪያው ዕድሜ ማለቁን ይነግራል። ከጀርባው የተጻፈውን ቀን ይዩ፤ የጋዝ ማንቂያ በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል። ካለፈ በአዲስ ይተኩት።