ወጨጫን በሱባ በኩል መውጣት

ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሰበታና በሆለታ መካከል ያለ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ አናቱ ወደ 3,385 ሜትር ይደርሳል። እንጦጦ ቅዳሜና እሁድ በሰው ሲጨናነቅ እዚህ የምታገኙት እረኛና ጭጋግ ነው።

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ሂዱ። በክረምት ጭቃው ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግር ያስራል፤ በበልግ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ገላጣውን ሸንተረር ይመታል። ከከተማ 12 ሰዓት ሳይሞላ ተነሱ፣ በአየር ጤና ሰበታ፣ ከዚያ በጥርጊያው መንገድ ወደ ሱባ ደን። ዋዜማውን የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ፤ መግቢያው ላይም መንገድ የሚያውቅ የአገሩን ሰው ይዛችሁ ውጡ።

ከታች ከጥዱና ከዝግባው እስከ አናቱ ያለው የከፍታ ልዩነት 900 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 300 ሜትር ከወጣችሁ ጥሩ ነው፤ መውጫው ሦስት ሰዓት፣ መውረጃው ሁለት። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ። ሳማ ስለሚበዛ ቁምጣ አይሆንም።

ጥዱ እየሳሳ አምጃው ቢጫ አበባውን ሲያሳይ አስታ ወደሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ እየገባችሁ ነው። ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው። አስታው ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ ዙሪያውን አያሳይም፤ በመሐሉ ያሉት መንገዶች ከብት የረገጣቸው ናቸው፣ ወደ ግጦሽ ወይም ወደ ውሃ እንጂ ወደ አናት አይወስዱም። ሽቅብ ስትወጡ ሁሉም ወደ ላይ ስለሚያመራ ስህተቱ አይታወቅም፤ ስትመለሱ ግን እያንዳንዱ መገንጠያ ወደ ሌላ ሸለቆ ይጥላል። ስለዚህ መገንጠያ በደረሳችሁ ቁጥር ዞራችሁ የመጣችሁበትን እዩ፣ በስልክም ወደ ኋላ ፎቶ አንሱ። ካርታውንም ቤት ሳላችሁ አውርዱት።

ጭጋግ ሲወርድ የአስታው መርፌ መሰል ቅጠል ጠብታውን ይይዝና፣ ዝናብ ሳይጥል ሱሪያችሁ እስከ ጭን ይረጥባል። ጥጥ ልብስ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ አናቱ ከታቹ በአምስት ስድስት ዲግሪ ይቀዘቅዛልና ንፋስ መከላከያ ጃኬት ከቦርሳ አይጥፋ። አሥር ሜትር ማየት ካቃታችሁ ባላችሁበት ቁሙና እስኪገልጥ ጠብቁ። አናቱ ላይ ደረሳችሁም አልደረሳችሁ 7 ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ።

የእረኛ ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ቆማችሁ እረኛውን ጥሩ፣ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) በሉ። እሳት በጭራሽ አታንድዱ፤ አስታ እርጥቡም ይነዳል።