ከጸሐፊው ጋር አብሮ የሚያረጅ መርማሪ፦ ረጅም የወንጀል ሲሪዝ እንዴት ይጻፋል

መጀመሪያ መወሰን ያለባችሁ የመርማሪያችሁን ዕድሜ ሳይሆን የተወለደበትን ዓመት ነው። "አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው" ብላችሁ ከጀመራችሁ ስድስተኛው መጽሐፍ ላይ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ለናንተም ይጠፋችኋል፣ አንባቢ ግን አይጠፋውም፣ የወንጀል ልቦለድ ወዳጅ እኮ ፍንጭ ሲለቅም ነው የሚውለው፣ የናንተንም ስህተት አብሮ ይለቅመዋል።

ደሞ ወጣት አድርጋችሁ ጀምሩት። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክርስቲ መርማሪዋን ፖይሮትን በ1920 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ስታመጣው ገና ከመነሻው ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነበር፣ ከዛ ከ50 ዓመት በላይ ጻፈችው፣ በሂሳብ ከሄድን ሰውዬው መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው፣ እሷም በኋላ ያን ያህል ሽማግሌ አድርጋ መጀመሯ ስህተት እንደነበር ተናግራለች።

ቀጥሎ ጊዜው በምን ፍጥነት ይሂድ የሚለው ነው። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ኢያን ራንኪን መርማሪውን ሬበስን በ1987 ጀመረው፣ ሰውዬው ከዓመቶቹ ጋር እኩል አረጀ፣ 2007 ላይ 60 ሞላውና ከፖሊስነት ተሰናበተ፣ በ2012 ሲመለስ ያረጁ መዝገቦችን የሚያይ ሲቪል ሆኖ ነው። ሱ ግራፍተን ደግሞ ከ1982 እስከ 2017 ድረስ 25 መጽሐፍ ጽፋ መርማሪዋን ከ32 ወደ 39 ብቻ ነው ያሳደገቻት። ሁለቱም ያስኬዳል። ማያስኬደው ሳይወስኑ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ማለት ነው።

ከኔ ጋር እኩል ያርጅ ካላችሁ ኤክሴል ክፈቱ፣ ወደ ታች መጽሐፎቹን ወደ ጎን ሰዎቹን ደርድሩና ዕድሜ ሙሉበት። በየ2 ዓመቱ አንድ መጽሐፍ ብታወጡና መርማሪያችሁ ሴት ሆና በመጀመሪያው 32 ብትሆን አስረኛው ላይ 50 ትሆናለች፣ እሺ እሷን ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ 4 ዓመቷ የነበረችው ልጇስ? 22 ሆናለች፣ የራሷ ሚስጥር ያላት ሰው ናት። 55 የነበረው አለቃ 73 ነው፣ ቢሮ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። እኔ ይሄን ሰንጠረዥ ሳልሰራ ሶስት መጽሐፍ ጽፌ የመርማሪዬን ልጅ 5 ዓመት ሙሉ አንድ የትምህርት ክፍል ላይ አስቀምጬው ነበር፣ ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ናት ያየችው፣ እሱ ያለበትን ትዕይንት ሁሉ እንደገና ጻፍኩ፣ ምክንያቱም የ7 ዓመት ልጅ በር ጀርባ ቆሞ ሰምቶ ሚገባውና የ12 ዓመት ልጅ ሚገባው በፍጹም አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በየመጽሐፉ አንዴ "ወገቧን ይዛ ተነሳች" ብሎ ማለፍ እርጅና አይደለም። ዕድሜዋ ወንጀሉ የሚፈታበትን መንገድ መቀየር አለበት። እንዲህ አስቡት፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ሮጣ ሰውዬውን ጣሪያ ላይ ያዘችው። አስረኛው ላይ እዛው ሕንጻ መልሷት። አሁን መሮጥ አትችልም፣ የደረጃውን ብረት ይዛ ነው የምትወጣው፣ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠራትና ቆመች፣ መዳፏ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ቀለም። ከሶስተኛ እስከ አራተኛ ፎቅ ያለው ብረት ብቻ አዲስ ተቀብቷል። ማን ነው እዚህች ጋ ብቻ መቀባት ያስፈለገው? ቀድሟት ሮጦ የወጣው ወጣት ረዳቷ ብረቱን አልነካውም። አያችሁ፣ ድካሟ ነው ፍንጩን የሰጣት። ኪሳራውም እንደዚሁ ፕሎት (የታሪኩ ሴራ) ይሁን፣ ችሎት ላይ "ፊቱን አይቻለሁ" ስትል ጠበቃው "መነጽር አድርገው ነበር?" ብሎ ቢጠይቃትና አድርጋ ባይሆንስ፣ እውነቷን መሆኑን አንባቢው እያወቀ ምስክርነቷ ውድቅ ይሆናል።

ዘመኑም አብሮ ይሂድ። ዲኤንኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግድያ ምርመራ የዋለው እንግሊዝ ውስጥ በ1986 ነው፣ ከዛ በፊት ሸሚዝ ላይ ያለ ደም የደም ዓይነት ከመለየት ብዙም አያልፍም ነበር። ታሪካችሁ ከዛ በፊት ከጀመረ አንድ የቆሸሸ ሸሚዝ ኤግዚቢት (የፖሊስ ማስረጃ) ክፍል ውስጥ አስቀምጡና ዝም በሉ። ከ20 ዓመት በኋላ ይመረመርና ያኔ በወጣትነቷ በኩራት ያሳሰረችው ሰው ንጹህ ሆኖ ይገኝ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ መጽሐፍ አይገኝም፣ ያንን እስር ከ20 ዓመት በፊት አብሯት በደስታ ያነበበ አንባቢ ያስፈልገዋል፣ እኔ ረጅም ሲሪዝ የምወደው ለዚህ ነው።

ለራሳችሁም ደብተር ያዙ። እንቅልፋችሁ መቼ ሳሳ፣ ምን ማንበብ አቃታችሁ፣ ወላጅ ማስታመም ምን ይመስላል፣ ድሮ ያናድዳችሁ የነበረ አሁን ግን የማይሰማችሁ ነገር ምንድነው፣ ትኩስ እያለ ጻፉት። ግን ወዲያው ለመርማሪያችሁ አትስጡት፣ አንድ ሁለት ዓመት ይቆይ፣ ትኩሱ እሮሮ ይሆናል። ሄኒንግ ማንኬል መርማሪውን ቫላንደርን ራሱ በተወለደበት ዓመት በ1948 ነው እንዲወለድ ያደረገው፣ መጨረሻ ላይ ቫላንደርን አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ያዘው፣ ለመርማሪ ትውስታ የስራ ዕቃው ስለሆነ ከጥይት በላይ ያማል።

የመጨረሻውን መጽሐፍ ጉልበት እያላችሁ ጻፉት። ክርስቲ የፖይሮትን መጨረሻ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽፋ አስቀምጣው የታተመው በ1975 ነው። ስታስቀምጡት ግን የስልክ ዓይነት፣ የመኪና ሞዴል፣ የአለቃ ስም ምናምን ሚገባበትን ቦታ ባዶ ተዉት፣ በየ5 ዓመቱም አውጥታችሁ ከሰንጠረዡ ጋር አስተያዩት፣ እዛ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው በስምንተኛው መጽሐፍ ገድላችሁት ሊሆን ይችላል።