ሠርግ በድሮን ሲቀርጹ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሠርግ በድሮን የሚቀርጹ ከሆነ አስቀድመው ቦታውን ያጣሩ፤ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በ15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ከዚህ አያመልጡም። በክፍያ ለሚሠሩ ደግሞ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የአብራሪነት ሰርተፍኬት ግዴታ ነው።

ባትሪውን ከመግጠምዎ በፊት የፕሮፔለሮቹን ጠርዝ በጣትዎ ዳሰው ጥቂትም ቢሆን የተሰነጠቀውን ይቀይሩ። ሙሽሮቹ ከመኪና ወርደው እልልታው ሲደምቅ፣ ቪዲዮው ቢያምርም፣ ከእንግዶቹ አናት በላይ አያብርሩ፤ ከጎን፣ ራቅ ብሎ መቅረጽ ይበቃል። እርስዎ ስክሪኑን ሲያዩ ድሮኑን በዓይኑ የሚከታተልና ልጆችን ከማረፊያው የሚያርቅ ረዳት ያቁሙ፤ ይህን ኃላፊነት ለሚዜ መስጠት ግን አይመከርም፣ ጭፈራው ይወስደዋልና።