በሚሌ ሚሊያ የጥንታዊ መኪኖች ራሊ ለመሳተፍ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ከጣሊያኗ ብሬሺያ ተነስቶ ሮም ደርሶ ወደ ብሬሺያ የሚመለሰው ሚሌ ሚሊያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1957 በተራ አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚካሄድ የፍጥነት ውድድር ነበር። በ1957 አልፎንሶ ዴ ፖርታጎ ይነዳት የነበረችው ፌራሪ ጎማዋ ፈንድቶ ከመንገድ ስትወጣ እርሱ፣ አብሮት የነበረው ረዳትና ሕፃናት ያሉባቸው 9 ተመልካቾች ሞቱ፤ የፍጥነት ውድድሩም በዚሁ ቀረ። በ1977 በአዲስ መልክ ሲመለስ የሚለካው ነገር ፍጥነት ሳይሆን ሰዓትን በትክክል መጠበቅ ሆነ። ተሳታፊው ዝግጅቱን ሁሉ ከዚህ ለውጥ ቢጀምር ይበጀዋል፤ ምክንያቱም ፈጣን ሞተር እዚህ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

ለመሳተፍ የሚፈቀድላቸው በጥንቱ ውድድር የተሰለፉ የመኪና ሞዴሎች ሲሆኑ፣ መኪናው ትክክለኛነቱ ተመርምሮ በውድድሩ መዝገብ ሊረጋገጥ ይገባል። ነጥቡ እንደ መኪናው ዕድሜና ዓይነት በሚለያይ ማባዣ ስለሚባዛ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት ብልጫ አላቸው።

መኪናውን ሲያዘጋጁ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን ይመልከቱ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያረጀ ዘይት ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል፤ በፍሎረንስና በቦሎኛ መካከል ያሉትን የፉታና የራቲኮዛ ተራሮች በእንዲህ ያለ ፍሬን መውረድ አደገኛ ነው። መለዋወጫ ሲይዙ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላ፣ ፕላቲንና ኮንደንሰር፣ እንዲሁም ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) አይርሱ። የእኛ መካኒኮች ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን (ክላች) እና ኮፈን (የሞተር ክዳን) የሚሏቸው ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ስለሆኑ፣ በዚያ አገር ጋራዥ ገብቶ መግባባት ለእኛ ሰው ከሚታሰበው በላይ ይቀላል።

ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱንና ሰዓቱን የሚነግረው ናቪጌተር ሥራው እጅግ ከባድ ነው። በ1955 ስተርሊንግ ሞስ በመርሴዲስ ውድድሩን በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ዴኒስ ጄንኪንሰን መንገዱን አስቀድሞ አጥንቶ በጥቅል ወረቀት ጽፎ እያነበበ በእጅ ምልክት ይነግረው ነበር። ዛሬ አዘጋጁ የመንገድ መጽሐፍ ያቀርባል፤ በመጽሐፉ ውስጥ እያንዳንዱ መታጠፊያ በቀስት ተሥሎ ርቀቱ አጠገቡ ይጻፋል። ስለዚህ ርቀቱ በታወቀ 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ነድተው የመኪናዎን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይፈትኑ፤ ቆጣሪው 9.8 ካሳየ የመጽሐፉን ርቀት ሁሉ በ0.98 እያባዙ ይጠቀሙ።

አሸናፊውን የሚለየው ግን የሰዓት ፈተናው ነው። መንገዱን አቋርጦ የተዘረጋ የጎማ ቱቦ የፊት ጎማ ሲረግጠው ሰዓቱን እስከ ሰከንድ አንድ መቶኛ ይመዘግባል። ለምሳሌ 300 ሜትር በ30 ሰከንድ እንዲጓዙ ከታዘዙ፣ አማካዩ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድም 10 ሜትር ነው፤ በዚህ ፍጥነት የሰከንድ አንድ መቶኛ የ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ብቻ ናት። ቀድሞ መርገጥም ዘግይቶ መርገጥም ነጥብ ያስቀንሳል። ናቪጌተሩ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሳ ከአምስት ወደ ዜሮ እኩል በሆነ ድምፅ ይቁጠር፤ ሾፌሩም ቱቦውን ብቻ እያየ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በማይለዋወጥ ዝግታ ይንዳ። ፈተናዎች ተከታትለው ሲመጡ የአንዱ ማብቂያ የሌላው መነሻ ስለሆነ፣ ስለ ቀደመው ስሕተት መነጋገር ቀጣዩንም ያበላሻል። ጉዞው ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ባዶ ሜዳ ፈልጋችሁ፣ በመሬት ላይ ቱቦ ወይም ገመድ ዘርግታችሁ፣ ሁለታችሁ ያለ ንግግር እስክትግባቡ ድረስ ይህን ብቻ ደጋግማችሁ ተለማመዱ።

ማታ ሆቴል ስትደርሱ ከእራት በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ዘይቱንና የራዲያተሩን ውኃ ተመልከቱ፤ ራዲያተሩን ግን ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱት። የጎማ ብሎኖቹንም አጥብቁ፤ ጠዋት ላይ ለዚህ ጊዜ አይኖራችሁም።