በረጅም ርቀት የዒላማ ተኩስ ነፋስን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ርቀቱ ከታወቀ ጥይቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ማስላት ይቻላል። ነፋስ ግን በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ጎበዝ ተኳሽ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ አቅጣጫውን ይለዩ። ራስዎን የግድግዳ ሰዓት መሃል ላይ፣ ዒላማውን 12 ቁጥር ላይ ያድርጉ። ከ3 ወይም ከ9 የሚመጣ ነፋስ ሙሉ ኃይሉን ያሳርፋል። ከ1 ወይም ከ11 የሚመጣው ግማሹን ነው። ከ12 ወይም ከ6 ከመጣ ወደ ጎን የሚወስደው እምብዛም የለም።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ይገምቱ። ፊትዎ ላይ ከተሰማዎት በሰዓት ከ6 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ቅጠልና ቀንበጥ ሳያቋርጡ ከተንቀሳቀሱ ከ12 እስከ 19፤ አቧራ ከተነሳ ደግሞ ከ20 በላይ ነው። በመነጽር ከመሬት የሚነሳውን የሙቀት መርገብገብም ይመልከቱ። ወደ ጎን ከፈሰሰ ነፋሱም ወደዚያው ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከፈላ ግን አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ነፋሱ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል እንዲህ ያደርጋል።

ብዙ ሰው ዒላማው አጠገብ ያለውን ባንዲራ ብቻ ያያል። እኔ ግን ተኳሹ አጠገብ ያለውን አስቀድማለሁ። ገና ከአፈሙዙ እንደወጣ ከመስመሩ የወጣ ጥይት በቀረው መንገድ ሁሉ እየራቀ ይሄዳልና።

ጥይቱን የሚያዘናፈው ነፋሱ ጎኑን ስለሚገፋው ብቻ አይደለም። አፍንጫው በትንሹ ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ የአየሩ መጎተትም በዚያው ነፋሱ ወደሚሄድበት ይወስደዋል። ስለዚህ ፍጥነቱን ቶሎ የማያጣ ሹልና ረዘም ያለ ጥይት ይምረጡ። 308 ዊንቸስተር ከሚባለው የጠመንጃ ጥይት ዓይነት የሚተኮስ 175 ግሬን (11 ግራም ገደማ) የሚመዝን ጥይት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የጎን ነፋስ 500 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በለጥ ያለ ይዘነፋል። 1000 ሜትር ላይ ግን ከ2 ሜትር በላይ ነው! ርቀቱ እጥፍ ስለሆነ ዝንፈቱም እጥፍ ብቻ ይሆናል ብለው አይገምቱ።

አሁን ያርሙ። የጠመንጃ መነጽር የሚታረምበት የማዕዘን መለኪያ፣ አንድ ሚሊራዲያን፣ 500 ሜትር ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። የመነጽሩን የጎን ማስተካከያ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል በዝንፈቱ ልክ ያዙሩ።

ከመተኮስዎ በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ ነፋሱን ዝም ብለው ይዩት። ደጋግሞ የሚመለስ ሁኔታ አለው። እሱን ይምረጡ፣ ሲመጣ ይተኩሱ፣ ሲለወጥ ጣትዎን ከቃታው ያንሱ። ግምትዎንና ጥይቱ ያረፈበትን ቦታ ጎን ለጎን ይመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ምት ላይ እርማቱን የሚያስተካክሉት በዚህ ነው።